ሃተራስ፣ ሞንተሬይ ወይስ ዌስትፖርት? የባሕር ወፍ ለማየት በየትኛው ጀልባ ልውጣ

ባሕር ዳር ቆማችሁ የምታዩት ወፍ አለ። መሬት ከዓይን እስኪጠፋ በጀልባ ካልሄዳችሁ የማታዩት ደግሞ አለ። ሁለተኛው ዓይነት ወደ መሬት የሚመጣው እንቁላል ሊጥልና ጫጩት ሊያሳድግ ብቻ ነው። ከዚያ ውጪ ውሎው አዳሩ ውሃ ላይ ነው፤ የባሕሩን ውሃ ይጠጣና ጨዉን በአፍንጫው ያንጠባጥበዋል። አልባትሮስ፣ ሸርዋተር፣ ፔትሬል የሚባሉት እነዚህ ናቸው። እነሱን ለማየት ተብሎ ብቻ የሚዘጋጅ የሙሉ ቀን የጀልባ ጉዞ አለ፤ አሜሪካ ውስጥ ከምሥራቁም ከምዕራቡም ዳርቻ ይነሳል።

ይህን የምጽፈው በተለይ ዲሲና ቨርጂኒያ፣ ሲያትል፣ እንዲሁም ሳን ሆሴና ኦክላንድ አካባቢ ላላችሁ ነው። ስማቸው በጣም ከሚነሳው መነሻ ወደቦች ሦስቱ የሐበሻ ሰው ከሚበዛባቸው ከተሞች በመኪና ይደረስባቸዋል። ሃተራስ ለዲሲ፣ ዌስትፖርት ለሲያትል፣ ሞንተሬይ ለሰሜን ካሊፎርኒያ። ታዲያ ቅርቡን ይዞ መሄድ ነው እንዳትሉ። የሦስቱ ባሕር ጠባይ ለየቅል ነው፤ ወፎቹም እንደዚያው። እኔን ብትጠይቁኝ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ሆዳችሁ፣ ቀጥሎ ወፉ፣ መጨረሻ ላይ የመኪናው መንገድ። ብዙ ሰው ገልብጦ ይጀምርና ቀኑን ሙሉ የጀልባውን ጠርዝ ብረት ታቅፎ ይውላል።

ሆድ ይቅደም

ስለ ወፉ ዝርዝር ሁሉም ያወራል፤ ስለ ማቅለሽለሹ ግን ደፍሮ የሚናገር ጥቂት ነው። ለስምንት፣ ለዘጠኝ፣ ለአሥር ሰዓት ያህል ውሃ ላይ ነው የምትውሉት። አንድ ሰው አጥወለወለው ተብሎ ጀልባው አይመለስም፣ ሌላውም ገንዘቡን ከፍሏል። አገራችን የባሕር በር ከሌላት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታልና አብዛኞቻችን ሆዳችን ባሕር ላይ ምን እንደሚል አናውቀውም። ጣና ላይ በጀልባ ሄጃለሁ ማለት ለዚህ ማስረጃ አይሆንም።

የሃተራስ ባሕር ሙቅ ነው፣ ሞገዱ ግን ቁጡ ነው። ገልፍ ስትሪም የሚባለው ሙቅ የባሕር ጅረት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይፈስሳል። ነፋሱ ከሰሜን ተነስቶ ፊት ለፊት ሲገጥመው ሞገዱ ይከመራል፤ አጭር፣ ቀጥ ያለ፣ ጀልባውን የሚያንገጫግጭ ይሆናል። የሰላማዊ ውቅያኖስ ሞገድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ረጅምና ሰነፍ ነው። ከሩቅ ማዕበል ተነስቶ የመጣ ስለሆነ ጀልባውን ቀስ አድርጎ ያነሳና ቀስ አድርጎ ያወርደዋል። አንዳንዱን ሰው የሚጥለው ያ ግጭት ሳይሆን ይሄ ሰነፉ ነው። ዌስትፖርት ላይ ከዚህ ሌላ የወደቡ አፍ አለ። ከግሬይስ ሃርበር የሚወጣው ውሃ ከውቅያኖሱ ሞገድ ጋር እዚያ ይጋጠማል፤ ገና ቁርሳችሁ ሳይረጋ ከባዱን ፈተና ታገኙታላችሁ። ሞንተሬይ ከሦስቱ የዋሁ ነው። ባሕረ ሰላጤው በከፊል ከለላ አለው፣ ጠዋት ነፋሱ ቀለል ይላል፣ ጥልቁም ውሃ ቅርብ ስለሆነ ቢብስባችሁ እንኳ ወደቡ ሩቅ አይደለም።

መድኃኒቱን አትናቁ። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ነው፤ ከጉዞው ቢያንስ አራት ሰዓት አስቀድሞ ይለጠፋል፣ እስከ ሦስት ቀን ያገለግላል። አፍ ያደርቃል፣ አንዳንዴም ዓይን ያደበዝዛል፤ ግላኮማ ያለበት ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያናግር መንካት የለበትም። ያለ ትእዛዝ ከሚሸጡት ሜክሊዚን እንቅልፉ ቀለል ይላል፣ ድራማሚን ግን ብዙ ሰው ያስተኛል። የኪኒኑ ዋና ምሥጢር ሰዓቱ ነው፦ ማታ አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ከመውጣት በፊት ሌላ፣ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን። ማጥወልወል ከጀመረ በኋላ የዋጡት ኪኒን ውሃ ውስጥ እንደተጣለ ቁጠሩት። ሥራ በሌላችሁ ቀን ቤት ሞክሩት፣ እንቅልፍ የሚጥላችሁ ከሆነ ያን ጊዜ ትለያላችሁ።

ጀልባው ላይ ደግሞ ቦታ ምረጡ። ከፊቱ አፍንጫ ይልቅ መሐልና ኋላው ያነሰ ይነሳል። ዓይናችሁ ከአድማስ አይነሳ። ስልክ አታንብቡ፣ የካሜራችሁን ፎቶ አጎንብሳችሁ አትመርምሩ። ታች ያለው ክፍል ውስጥ ገብቶ መጋደም ለብዙዎች የባሰ ነው፣ የናፍጣው ሽታም አለ። ካልቀረም ነፋሱ ወደማይመጣበት ጎን ሄዳችሁ የጠርዙን ብረት ያዙ፤ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ግን በፍጹም። አንድ መጸዳጃ ቤት ነው ለዚያ ሁሉ ሰው።

ሃተራስ፦ አስቸጋሪው፣ ግን ሌላ ቦታ የማይገኘው

ሰሜን ካሮላይና ውስጥ አውተር ባንክስ የሚባል ቀጭን የአሸዋ ደሴት ሰንሰለት አለ፤ ሃተራስ እዚያ ላይ ያለ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። ከዲሲ አካባቢ ስድስት ሰዓት ገደማ ይነዳል፣ የበጋ (የፈረንጆቹ ሰመር) ቅዳሜ ከሆነ ከዚያም በላይ። የመጨረሻው መንገድ፣ ቁጥር 12፣ በአንድ በኩል ውቅያኖስ በሌላው ሐይቅ መሰል ውሃ ይዞ ነው የሚሄደው፤ ማዕበል ሲመጣ አሸዋና ውሃ ይዘጋዋል። ስለዚህ ከሌሊቱ ተነስቼ እደርሳለሁ የሚባል ነገር የለም። አንድ ቀን ቀድሞ ማደር ግዴታ ነው፣ ምክንያቱም ጀልባው በበጋ የሚነሳው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? የባሕሩ ወለል ድንገት ወደ ገደል የሚወርድበት ቦታ ከባሕር ዳርቻው ቅርብ ስለሆነና ገልፍ ስትሪምም በዚያው ጫፍ ስለሚያልፍ ነው። ምሥራቁ ዳርቻ ላይ ጥልቅና ሙቅ ውሃ በአንድ ቀን ደርሶ የሚመለሱበት እንደዚህ ያለ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። ሁለት ሰዓት ገደማ ተጉዛችሁ የውሃው ቀለም ከአረንጓዴ ወደ ጥልቅ ሰማያዊ ሲቀየር ታያላችሁ፤ መስመሩ ሰው ያሰመረው ነው የሚመስለው። ወርቃማ የባሕር አረም ይንሳፈፋል፣ በራሪ ዓሣ ከጀልባው ፊት ብድግ እያለ ይሸሻል።

የሃተራስ ንግሥት ጥቁር ቆብ ያላት ፔትሬል ናት። ጎጆዋ ሂስፓኒዮላ ደሴት ላይ፣ በሄይቲና በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ተራሮች ውስጥ ነው፤ ወደዚያም የምትገባው በጨለማ ነው። ቁጥሯ ስለተመናመነ የአሜሪካ መንግሥት በ2023 መጥፋት ከሚያሰጋቸው ዝርያዎች ውስጥ መዝግቧታል። እሷን በቀን ብርሃን፣ በቅርብ፣ በተደጋጋሚ ለማየት ከሃተራስ የሚሻል ቦታ አላውቅም። ነፋስ ባለበት ቀን ክንፏን ወደ ኋላ ሰበር አድርጋ ወደ ሰማይ ትወነጨፋለች፣ ከላይ ትገለበጥና ወደ ውሃው ትምዘገዘጋለች። ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ሆዳችሁ የሚጠላው ነፋስ ነው ወፏን የሚያሳምራት። ፀጥ ባለ ቀን ውሃ ላይ ተቀምጣ ልትውል ትችላለች።

ሁለተኛው ነገር ከኋላ የሚጣለው የዓሣ ዘይትና ቁርጥራጭ ነው። እነዚህ ወፎች ምግባቸውን በማሽተት ያገኛሉ፤ ዘይቱ ውሃው ላይ ሲረጭ ባዶ የነበረው ባሕር ከየት መጣ ሳይባል በወፍ ይሞላል። ከሁሉ በፊት የምትመጣው ዊልሰንስ የምትባለዋ ትንሿ ስቶርም ፔትሬል ናት። አርባ ግራም ገደማ ናት። አንታርክቲካና በዙሪያው ባሉ ደሴቶች ተፈልፍላ ነው እዚህ ድረስ የምትመጣው። ክንፏን ዘርግታ እግሮቿን ወደ ታች ታንጠለጥልና ውሃውን እየረገጠች ትራመዳለች፤ በጣቶቿ መሐል ያለው ቢጫ ቆዳ በዓይን ይለያል፣ ያን ያህል ትቀርባለች። ባይናኩላር አያስፈልግም። የዘይቱ ሽታ ግን ለቀላል ሆድ የተፈጠረ አይደለም፤ ኋላ መቆም ከመረጣችሁ ከሽታውም ጋር ነው።

ታላቁ ሸርዋተርና ኮሪስ ሸርዋተር በበጋ በብዛት አሉ። ለዓመታት የሚመላለሱ ሰዎች ግን የሚጠብቁት ሌላ ነው፦ የትሪንዳዴ ፔትሬል፣ የፊያስ ፔትሬል፣ ዕድል ሲያዳላ ደግሞ የቤርሙዳ ፔትሬል። ይህች የመጨረሻዋ ከ300 ዓመት በላይ ጠፍታለች ተብላ ተረስታ በ1951 ጎጆዋ የተገኘ ናት። ለብርቅዬዎቹ የግንቦት መጨረሻና ሰኔ መጀመሪያ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይመረጣል፤ ነሐሴም ጥሩ ነው። በየካቲት የሚወጣ የክረምት ጉዞም አለ፣ የዚያ ጊዜ ወፍም ብርዱም ሌላ ነው፣ ለጀማሪ አልመክረውም። እዚያ የታወቀው ጀልባ ስቶርሚ ፔትሬል 2 ይባላል። ጀልባው ትንሽ ነው፣ ቦታው ቶሎ ያልቃል።

ሃተራስ ለማን? ሆዱን ለሚያውቅና ሌላ ቦታ የማይገኝ ወፍ ለሚፈልግ። የመጀመሪያ ጉዞዬ ይሁን የሚል ሰው ካለ እምቢ አልልም፣ ግን ሁለት ተከታታይ ቀን ይያዝ። አንዱ በአየር ጠባይ ቢሰረዝ ሌላው ይተርፋል፣ ስድስት ሰዓት ነድቶ ባዶ እጅ መመለስ ያናድዳል።

ሞንተሬይ፦ ለጀማሪ የማዳላው

ሞንተሬይ ላይ ተፈጥሮ ራሷ ሥራውን አቅልላዋለች። ከሞስ ላንዲንግ ፊት ለፊት የሚጀምር የውሃ ውስጥ ሸለቆ አለ፤ ግዝፈቱ ከግራንድ ካንየን ጋር የሚወዳደር ነው። ሌላው ወደብ ሁለትና ሦስት ሰዓት ነድቶ የሚደርስበትን ጥልቅ ውሃ እዚህ ከወደቡ ወጣ እንዳላችሁ ታገኙታላችሁ። በፀደይና በበጋ የሰሜን ምዕራቡ ነፋስ የላዩን ውሃ ገፍቶ ያነሳል፣ ቀዝቃዛና ምግብ የጠገበ ውሃ ከታች ይወጣል። ክሪል የሚባለው ሽሪምፕ መሰል ጥቃቅን ፍጡር፣ አንቾቪ የሚባለው ትንሽ ዓሣ፣ ከዚያ ወፍ፣ ከዚያ ዓሣ ነባሪ። ለዚህ ነው በአንድ ቀን ወፉንም ግዙፉንም አውሬ የምታዩት። በበጋና በመጸው ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪ የተለመደ ነው፣ ሰማያዊውም ይመጣል። ወፍ ብዙም የማይስበው የትዳር ጓደኛ ካላችሁ በዚህ በኩል ማሳመን ትችላላችሁ።

የወፉ ብዛት እጅ በአፍ ያስጭናል። ሱቲ ሸርዋተር የሚባለው ጥቁር ቡናማ ወፍ ኒውዚላንድና ቺሊ አካባቢ ይራባና የእኛን በጋ እዚህ ያሳልፋል። ከኒውዚላንድ የተነሱትን በመሣሪያ ተከታትለው በ2006 የታተመው ጥናት አንዷ ወፍ በዓመት እስከ 64,000 ኪሎ ሜትር እንደምትጓዝ አሳይቷል። አንዳንድ ቀን መንጋው ውሃውን አልብሶት ከባሕር ዳርቻ እንኳ ይታያል፣ ያውም በነፃ። ጀልባ ላይ ስትሆኑ መሐሉ ትገባላችሁ። ሮዝ እግር ያለው ሸርዋተር ከቺሊ፣ ቡለርስ ሸርዋተር ደግሞ ከኒውዚላንድ ፑር ናይትስ ደሴቶች ይመጣል። ቡለርስን ከወደዳችሁ መስከረምና ጥቅምትን ያዙ። አሺ ስቶርም ፔትሬል የሚባሉት ግራጫ ትንንሾችም በመጸው በአንዳንድ ዓመት በሺዎች ተሰብስበው ውሃ ላይ ይቀመጣሉ፤ ዝርያው የሚራባው እዚሁ ካሊፎርኒያና ባሃ ካሊፎርኒያ ደሴቶች ላይ ስለሆነ ሌላ አህጉር ሄዳችሁ አትፈልጉትም።

ጉድለቱ? አልባትሮስ ሊታይ ይችላል ግን ዋስትና የለውም። ጭጋግ አለ። ብርዱን ደግሞ ማንም አያምንም፤ ነሐሴ ነው ብሎ ቁምጣ ለብሶ የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ የማያውቀውን ሰው ጃኬት ሲለምን ታገኙታላችሁ። ከሳን ሆሴ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከኦክላንድ ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው። ከሎስ አንጀለስ ግን ረጅም ነው፣ አድራችሁ ውጡ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሞንተሬይ ላይ የዓሣ ነባሪ ጀልባ እንደ ጉድ ነው። «ወፍም ታያላችሁ» የሚል ማስታወቂያ ያለው ሁሉ የወፍ ጉዞ አይደለም። የዓሣ ነባሪ ጀልባ ለወፍ አይቆምም፤ ካፒቴኑ ከሩቅ የተነፋ ውሃ ካየ ያቺን ሰላሳ ሜትር ላይ ያለችውን ብርቅዬ ጥሎ ይሄዳል። ጥያቄው አንድ ነው፦ ወፍ ብቻ የሚፈልጉ መሪዎች ጀልባው ላይ አሉ ወይ? ስንት ናቸው? አልቫሮስ አድቬንቸርስ የሚባለው ከሃፍ ሙን ቤይም ከሞንተሬይም ለወፍ ብሎ የሚወጣ ነው፤ «ሞንተሬይ ሲበርድስ» (Monterey Seabirds) የሚባል ድርጅትም አለ።

ዌስትፖርት፦ አልባትሮስ ካሰኛችሁ

ከሲያትል ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከተማዋ ትንሽ የዓሣ ወደብ ናት፣ ለመዝናናት የሚሄዱባት ዓይነት አይደለችም። ጀልባው ጎህ ሲቀድ ይወጣና ወደ ግሬይስ ካንየን ያቀናል፤ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ቀኑም ረጅም ነው። ከሦስቱ ብዙ ሰዓት በመንዳት የሚጠፋው እዚህ ነው ብዬ አስባለሁ። ግን መንገዱ ላይም ባዶ አትሆኑም፤ ገና ከወደቡ ሳትወጡ ቡናማ ፔሊካኖች ከሰማይ ቁልቁል እየተወረወሩ ዓሣ ሲይዙ ታያላችሁ። የዝዋይን ነጭ ፔሊካን ለምናውቅ ሰዎች ይሄ ያስቃል፣ ያኛው እየዋኘ በመንቆሩ ይጨልፋል እንጂ እንዲህ ራሱን አይወረውርም።

ወደ ዌስትፖርት የሚያስኬደው ጥቁር እግር አልባትሮስ ነው። ክንፉ ሲዘረጋ ሁለት ሜትር አካባቢ ነው። የሚራባው በሰሜን ምዕራብ ሃዋይ ደሴቶች ላይ ነው፣ ለምግብ ግን እዚህ ድረስ ይመጣል። ከፀደይ እስከ መጸው እሱን ሳያዩ መመለስ የማይጠበቅ ነገር ነው። ሁሉም ነገር የሚለወጠው ግን ሽሪምፕ ወይም ሄክ የሚባለውን ዓሣ በመረብ የሚጎትት የዓሣ ጀልባ ስታገኙ ነው። ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ሲበለት ዙሪያውን የሚቆሙትን አባ ኮዳዎች አስቡ፤ ያው ነው፣ ሁለት ሜትር ክንፍ ያለው ወፍ በመቶ ቆጥራችሁ ተክታችሁ። መረቡ ሲወጣ ይጋፋሉ፣ ይጮሃሉ፣ አንዱ ለሌላው አያዝንም። ከተቀመጠ በኋላ ክንፉን ሦስት ቦታ አጥፎ ሲሰበስብ ተመልከቱ። ለመነሳት ደግሞ ነፋሱን ፊቱን አድርጎ በሁለት ጥቁር እግሩ ውሃውን ጧ ጧ እያደረገ ይሮጣል፣ ድምፁ ጀልባው ላይ ይሰማል።

ሌይሰን አልባትሮስም አንዳንዴ ይቀላቀላል። ሚድዌይ ደሴት ላይ በ1956 ቀለበት የታሰረላት «ዊዝደም» የተባለችው የዚህ ዝርያ ናት፤ በ2024 መጨረሻ ዕድሜዋ ሰባ ዓመት ካለፈ በኋላ እንቁላል ጥላለች። ሌሎቹን በፍጥነት ልጥቀስ፦ ሹካ ጅራት ስቶርም ፔትሬል፣ ሳቢንስ ገል፣ በመስከረም አካባቢ ስኩዋ፣ በበጋ መጀመሪያ ደግሞ ፐፊን። «ዌስትፖርት ሲበርድስ» (Westport Seabirds) የሚባለው ድርጅት ጉዞዎች ከፀደይ እስከ ጥቅምት ይወጣሉ። ነሐሴና መስከረም በዓይነት ብዛት ይበልጣሉ።

ዌስትፖርት ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ከሁሉ ይሻላል ባይ ነኝ። ትልቅ ወፍ፣ ቅርብ፣ ቀስ ብሎ የሚበር። የሃተራሷን ፔትሬል በካሜራ ለመያዝ የሚታገል ሰው ቀኑን ሙሉ የሰማይ ፎቶ ይዞ ይመለሳል።

ገና እርግጠኛ ላልሆነ

ሙሉ ቀኑን ከመክፈላችሁ በፊት ራሳችሁን በግማሽ ቀን ፈትኑ። ቦስተን አካባቢ ያላችሁ ወደ ስቴልዋገን ባንክ የሚሄደውን የዓሣ ነባሪ ጀልባ በበጋ ተሳፈሩ፤ ጀልባው ትልቅ ነው፣ ሦስት አራት ሰዓት ነው፣ ታላቁ ሸርዋተርና ዊልሰንስ ብዙ ጊዜ ይታያሉ። ሲያትል ያላችሁ ከፖርት ታውንሴንድ ወደ ፕሮቴክሽን ደሴት የሚወጣው አለ፤ ውሃው የተከለለ ነው፣ በበጋ ፐፊን ሊታይ ይችላል። ልጆች ካሏችሁ በቃ ይሄው ይበቃል። ትንሽ ልጅ አሥር ሰዓት ጀልባ ላይ አታቆዩ፣ ልጁም እናንተም ሌላውም ተሳፋሪ ይሰቃያል።

ኤምሬትስ ያላችሁ ደግሞ ከምሥራቁ ዳርቻ፣ ከከልባ በኩል የሚወጡ የወፍ ጀልባዎች እንዳሉ እወቁ፤ የፐርሽያ ሸርዋተርና የሶኮትራ ኮርሞራንት የዚያ ውሃ ናቸው። ኤይላት ያለ ሰው ጀልባም አያስፈልገው፣ ሰሜኑ ባሕር ዳርቻ ላይ ቆሞ ነጭ ዓይን ያለውን የቀይ ባሕር ገል ማየት ይችላል።

ጾም፣ ስንቅና ልብስ

ፈረንጆች የማይጽፉላችሁ ነገር ይሄ ነው፦ ፍልሰታ። ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በፈረንጅ ከኦገስት 7 እስከ 21 ገደማ፣ ልክ የሦስቱም ወደብ ጥሩ ጊዜ ላይ ይወድቃል። የጾም ምግብ መብላት ጀልባ ላይ ምንም ችግር የለውም፣ እንዲያውም ከቅቤና ከሥጋ ይሻላል። ከባዱ እስከ ቅዳሴ መውጫ እህል ውሃ ሳይቀምሱ መዋል ነው። ባዶ ሆድ፣ ፀሐይ፣ የውሃ ጥም፣ ሞገድ፤ ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ነው የሚሆነው። የምትጾሙ ከሆነ ቀኑን ወደ መስከረም ግፉት። ሞንተሬይና ዌስትፖርት በመስከረም ምንም አይጎድልባቸውም፣ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ያለው ቅዳሜ እንዲያውም ምርጡ ነው። ብዙው ጉዞ ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ ቅዳሜውን ቀድማችሁ ያዙ፣ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ይቀራል።

ስንቅ ላይ እኛ እናሸንፋለን። ዳቦ ቆሎ ለጀልባ የተሠራ ነው የሚመስለው፦ ደረቅ ነው፣ አይሸትም፣ በአንድ እጅ የጠርዙን ብረት ይዞ በሌላው ይቆረጠማል። ቆሎም እንደዚያው። በቴርሞስ የዝንጅብል ሻይ ያዙ። ክትፎ፣ ቁሌቱ የበዛ ወጥ፣ ሚጥሚጣ ለማታ ይቆይ። ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ መጠጥ ይቅር፣ ቡናም ከለመዳችሁት አይብዛ፣ ግን ጭራሽ መተው ራስ ምታት ያመጣል።

ልብስ ለሃተራስ ቀለል ያለ፣ ፀሐይ የሚከላከል፣ ላዩ ላይ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፤ ውሃው ሙቅ ነው ግን ይረጫችኋል። ለሞንተሬይና ለዌስትፖርት ኮፍያ፣ ጓንት፣ የሚደራረብ ልብስ፣ በበጋም ቢሆን። ጫማ የማያንሸራትትና ውሃ የማያስገባ። ባይናኩላር 8 በ42 ይበቃል፤ 10 ጊዜ የሚያጎላው በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ ዓይን ያሳምማል። ቴሌስኮፕ ቤት ይቅር። የጨው ውሃ የሚጠርግ ጨርቅ ኪሳችሁ ውስጥ አይጥፋ።

ገንዘቡና ቀጠሮው

ዋጋው ይቆነድዳል። የሙሉ ቀን የወፍ ጉዞ ከተለመደው የዓሣ ነባሪ ጉዞ ብዙ ጊዜ ከእጥፍ በላይ ነው፣ ምክንያቱም ነዳጁ ብዙ ነው፣ ተሳፋሪው ጥቂት ነው፣ መሪዎቹም ይከፈላቸዋል። ለጀልባው ረዳት የሚሰጠውን ጉርሻ በጥሬ ያዙ። ለዲሲ ሰው ሃተራስ ላይ የሚጨመረው የማደሪያው ነው፤ በበጋ ቤት የሚከራየው በአብዛኛው በሳምንት ስለሆነ ለአንድ ሌሊት የሚሆን ሞቴል ቀድማችሁ ካልያዛችሁ ይቸግራል። ሁሉን ደምራችሁ ካያችሁት አንዳንዴ ወደ ካሊፎርኒያ በረሮ የእኅታችሁ ልጅ ቤት አርፎ ሞንተሬይ መውጣት ያን ያህል አይበልጥም።

ከመክፈላችሁ በፊት የስረዛውን ደንብ አንብቡ። ካፒቴኑ በአየር ጠባይ ቢሰርዝ ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ ይመለሳል ወይም ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል፤ እናንተ በመጨረሻው ሳምንት ብትቀሩ ግን አበቃ። ለስረዛ አትነጫነጩ። ካፒቴኑ አልወጣም ያለው እናንተን ጠልቶ አይደለም።

ቀኑን ስትመርጡ ኢበርድ (eBird) የተባለው፣ ሰዎች ያዩትን ወፍ የሚመዘግቡበት ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ የወረዳውን ወርኃዊ ሰንጠረዥ ተመልከቱ፣ የትኛው ወፍ በየትኛው ሳምንት እንደሚበዛ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ከዚያ የምትፈልጉትን አንድ ሁለት ወፍ ብቻ በሥዕል አጥንታችሁ ሂዱ። ሃምሳ ዓይነት ሸምድዶ የሚሄድ ሰው ሞገድ ላይ ሁሉም ይምታታበታል፣ ሁሉም ጥቁር ነው፣ ሁሉም ይሄዳል።

ጀልባው ላይ አቅጣጫ የሚነገረው በሰዓት ነው። የጀልባው አፍንጫ 12፣ ኋላው 6። መሪው «3 ሰዓት! ዝቅ ብሎ!» ብሎ ሲጮህ ፊታችሁን ወደ ቀኝ አዙሩ፣ «በማን አቆጣጠር?» ብላችሁ እስክትጠይቁ ወፉ አይጠብቅም።